ዓርብ፦ ለሚርታ መንገር

ማክሰኞ፣ ኦገስት 1

ይህን ደብተር የገዛሁት ወድጄ አይደለም። ዛሬ የጉሮሮ ሐኪሟ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገብታ ስታይ ቆየችና "ሥራህ ምንድን ነው?" አለችኝ። አውቶቡስ እነዳለሁ አልኳት። "ሌላስ?" እዘፍናለሁ። "ምን ዓይነት ዘፈን?" ሙርጋ ስላት ሳቋ መጣ፣ ግን ቶሎ ዋጠችው። ሙርጋ በለሆሳስ የሚዘፈን ነገር አይደለም። በካርኒቫል ሰሞን አሥራ አራት ሰው ፊቱን ቀለም ተቀብቶ ባለሥልጣኑንም ጎረቤቱንም ራሱንም በዘፈን የሚሸነቁጥበት ነው፤ ከኋላው ከበሮ አለ፣ ከበሮውን መብለጥ አለብህ። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚወጣውን ቀጭን ድምፅ ነው የምይዘው። ስይዘው ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ።

በግራው የድምፅ አውታሬ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል እባጭ አለች። ምን እንደሆነች ተቆርጣ ሳትመረመር አይታወቅም። እስከዚያው ማክሰኞ ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕክምና፣ ከሥራ ስመለስ ደግሞ እስከ ማግስቱ ዝምታ። ልምምድ ላይ ብቻ፣ ያውም በመጠኑ። "ወሬ ካማረህ ጻፍ" አለችኝ።

ይኸው ጻፍኩ። ለባለቤቴ ለሚርታ ጉንፋን ነው ብያታለሁ። አባቴም መጀመሪያ ጉንፋን ነው ነበር ያለው።

ሐሙስ፣ ኦገስት 3

ልምምድ በቦቻ ክለቡ። ኦገስት እዚህ የብርድ ወር ነው፣ ውጭው ውርጭ፤ ኳስ የሚያንከባልሉት ሽማግሌዎች ራሳቸው ዛሬ አልመጡም።

መሪያችን ያሚላ አዲስ ነገር ይዛ መጣች። አባቷ ከእሷ በፊት ይመራን ነበር፤ እሱ ልምምድ የሚጠራው ከየቤታችን ደጃፍ ቆሞ በማፏጨት ነበር። እሷ የሙዚቃ አስተማሪ ናት፣ ነገሯ ሁሉ ሥርዓት አለው። "አምና የካርኒቫሉ ማጣሪያ ላይ የወደቅነው ድምፅ አንሶን አይደለም። አንድ ቀን እንኳ ሁላችንም ተሟልተን ስላልተለማመድን ነው። አንዱ የሌሊት ተረኛ፣ አንዱ ልጅ ጠባቂ። ከዛሬ ጀምሮ ስልካችሁ ላይ የጋራ ካላንደር ይኖራል፤ የማትችሉበትን ሰዓት ታስገባላችሁ፣ ሁላችንም የምንችልበትን እኔ እፈልጋለሁ።"

ኤበር፣ ትልቁን ከበሮ የሚመታው፣ አንድ ዴስክ ላይ አብረን የተማርን ጓደኛዬ፣ እጁን አወጣ። "ያሚላ፣ የት እንደምውል ሚስቴ እንኳ አታውቅም፤ ለሃያ ሰው ልናዘዝ ነው?"

"ሚስትህ ታውቃለች" አለች ሮሲና ከኋላ። "የማታውቀው ለምን እንደሆነ ነው።"

ሳቅ ሆነ። ሮሲና ካቻምና የገባች ናት፣ አምቡላንስ ላይ የምትሠራ ነርስ። ምላሷ ሹል ነው። ድምፅዋም መጥፎ አይደለም።

ያሚላ ስልኬን ወስዳ ነካ ነካ አደረገችና "አጎቴ፣ ያንተ ሁሉም ይታይ ወይስ…" ብላ ጀመረች። "ልጄ፣ ደስ ያለሽን ተጫኚ፣ የማቴ ሻዬ እየቀዘቀዘ ነው" አልኳት። የመድረክ ልብስ የሚሰፉትም ገብተዋል፣ ሚርታም አለችበት።

ቤት ገብቼ አየሁት። ከየሰዉ ስም ሥር ግራጫ ሳጥን ብቻ ነው፣ "አይመቸውም" ይላል፣ ሌላ ምንም። ጥሩ ነው። ማንም የማንንም ጓዳ አያይም።

ዓርብ፣ ኦገስት 4

አስገባሁ። "ማክሰኞ 9 ሰዓት፦ ጉሮሮ፣ ሆስፒታል።" አንድ ጊዜ ጽፈኸው በየሳምንቱ ራሱ ይደግመዋል። ተንኮለኛ ነገር ነው።

እንዳልረሳውም አንድ ጨመርኩ። የሚመጣው ዓርብ ላይ፦ "ለሚርታ መንገር።"

ዓርብ፣ ኦገስት 11

ሚርታ ሚላኔዛ፣ በእንቁላልና በዳቦ ፍርፋሪ የተለወሰ ሥጋ፣ ጠበሰች። ያለ በዓል፣ ያለ እንግዳ። ጠረጴዛውም ላይ ልብስ አለ። በላሁ። እሷ ከፊቴ ተቀምጣ እጆቿን አጣምራ ታየኛለች።

"ዊልማር፣ የምትነግረኝ ነገር አለ?"

"አለ እንጂ። ሥጋው ለስልሷል።"

ሳህኑን አነሳች። ደህና ነገር መስሎኝ ነበር ያልኩት።

"ለሚርታ መንገር" የሚለውን በጣቴ ይዤ ወደሚቀጥለው ዓርብ ጎተትኩት። ያለምንም ድካም ይሄዳል።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 15

በቀጭን ቱቦ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አረፋ እያስነሳሁ "ኡኡኡ" ማለት። ለዚህ ነው አንድ ሰዓት የምሄደው። ሐኪሟ መድኃኒት ነው ትላለች።

ስወጣ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ካለው መናፈሻ አግዳሚ ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። የሚርታን የመሰለ አረንጓዴ ካፖርት። ሰው ከሰው ይመሳሰላል። አውቶቡሴ መጣ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 17

የማክሰኞ ልምምድ ወደ ረቡዕ ተዛወረ። "ማክሰኞ ለብዙ ሰው አይመችም" አለች ያሚላ። ካላንደሩን ከፍቼ አየሁ፤ ከእኔ በቀር ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ ያለበት ሰው የለም። ሂሳብ የማታውቅ አስተማሪ።

ኤበር አንድ ማሰሮ ማር ሰጠኝ። "አማቴ ከገጠር ልካልኝ ቤቱን ሞላው፣ ውሰድልኝ።"

አማቱ ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። የሬሳ ሣጥኗን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። ምን ነካው ይሄን ሰውዬ? ማሩን ግን ወሰድኩት።

ዓርብ፣ ኦገስት 18

ሚላኔዛ። ጠየቀችኝ። ደክሞኛል አልኩ። አሻገርኩት።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 1

ሚላኔዛ። አሻገርኩት። ያለፈውም ዓርብ እንዲሁ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 5

እባጯ ኦክቶበር 5 ትቆረጣለች። ሐኪሟ ቀኑን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝና "ማነው አብሮህ የሚመጣው?" አለች። ባለቤቴ አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

አባቴ ከከተማው ወንዝ ማዶ ባለው የሥጋ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። አምሳ ስምንት ዓመቱ ላይ ድምፁ ሻከረ፤ እናቴ ዝንጅብል አፈላችለት፣ እሱም ደህና ነኝ አላት። ደህና ነኝ እያለ ስድስት ወር ቆየ። የማስታውሰው በመጨረሻ እንዴት እንደሞተ አይደለም። እናቴን ነው። ሬሳው ከወጣ በኋላ ወጥ ቤት ቆማ "ዝንጅብል! ስድስት ወር ዝንጅብል አፈላሁ!" እያለች ለግድግዳው ትናገር ነበር። ያኔ እናቴን ያታለላት በሽታው ነው ብዬ አስብ ነበር።

እኔ አምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ጉዳዩ አንድ አይደለም። እኔ ሐኪም ቤት ሄጃለሁ። ለሚርታም እነግራታለሁ፣ ቀኑ ራሱ ተጽፏል።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 8

ዝናብ ስለነበር፣ እንደ አገሩ ወግ፣ በሚላኔዛው ፋንታ ሊጥ ጠበሰች። ቀኑን ሙሉ ንገራት ንገራት ሲለኝ ዋለ። ከዚያ የላይኛዋ ጎረቤት ስኳር ልትዋስ መጣችና ተቀምጣ አወራች። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት አይወራም። አሻገርኩት።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 14

ገና ከክለቡ እንደተመለስኩ ነው የምጽፈው።

ልምምድ አንድ ሰዓት ላይ ነበር፤ ፈረቃዬ ቀድሞ አለቀና አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደረስኩ። በሩ ሳይደርስ ሰማሁት። የስንብቱ ዘፈን ነው። ሙርጋው ሕዝቡን ተሰናብቶ ከመድረክ ሲወርድ የሚዘፍነው፣ መሐሉ ላይ አንድ ድምፅ ብቻውን የሚወጣበት። የእኔ ቦታ። ሮሲና ናት የምትዘፍነው። አንድ ቦታ ላይ ትንፋሽ አጠራት እንጂ ጥሩ ነበር። ጥሩ መሆኑ ነው ያናደደኝ።

ከዚያ ያሚላ "ራሱ እስኪያወራው ድረስ ዝም እንላለን፣ እሺ?" ስትል ሰማሁ። ሮሲናም "እንደዚህ ዝም ማለት ግን ያማል" አለች።

በሩን በርግጄ ገባሁ።

"ልታባርሩኝ ከሆነ ፊት ለፊት ንገሩኝ!" አልኩ። ሃያ ስድስት ዓመት አልኩ። ያሚላን፣ አቅፌ ያሳደግኳትን ልጅ፣ "አባትሽ ቢኖር" አልኳት። ይህን ስል "ቢኖር" የሚለው ላይ ድምፄ ተሰበረ፣ ፉጨት ብቻ ወጣ። ያሚላ ፊቷ ነጭ ሆነ። ሮሲና ብቻ አንድ እርምጃ ቀርባ "ዊልማር፣ እባክህ አትጩህ፣ ለአንተ ነው" አለችኝ።

ወጣሁ። ሁለት ሰፈር በእግሬ ሄድኩ። ስለ አባቷ ያልኩት ነገር ከአፌ ባይወጣ ምን ነበረበት።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 15

ዛሬ ረጅም ነው፣ በሥርዓት ልጻፈው።

ረፋዱ ላይ ኤበር አውቶቡሴ ላይ ወጣ። ሄዶ እንደ ሰው አልተቀመጠም፤ ከመቀመጫዬ ጎን ብረቱን ይዞ ቆመ። ከራሱ በላይ "ከሾፌር ጋር ማውራት ክልክል ነው" የሚል ተለጥፏል።

"ወዴት ነህ?" አልኩት።

"የትም። ልነግርህ ነው የመጣሁት። አንተ ወርደህ እንዳትሄድ መሪ ስትይዝ ጠብቄ ነው።"

"ስለ ትናንቱ ያሚላ ልካህ ነው?"

"ማንም አልላከኝም። ዊልማር፣ ያ ካላንደርህ እኮ ክፍት ነው።"

"ምን ክፍት?"

"ክፍት! የኛ ግራጫ ሳጥን ነው፣ ያንተ ጽሑፉ ነው የሚታየው። 'ጉሮሮ፣ ሆስፒታል'። 'ቱቦና ብርጭቆ እንዳትረሳ'። ኦክቶበር 5ን ሁላችንም እናውቃለን። ከኦገስት ጀምሮ ሁላችንም እያነበብንህ ነው፣ አንተ ጅል!"

ፌርማታ አለፈኝ። አንዲት ሴትዮ "ሾፌር! ሾፌር!" እያለች ጮኸች። አቆምኩ፣ በሩን ከፈትኩ፣ ይቅርታ አልኩ።

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?" አልኩት በሚቀጥለው መብራት።

"ያሚላ ስንመክር 'አጎቴ ሲዘጋጅ ራሱ ይነግረናል' አለች። ማርም አመጣሁልህ፣ ምን ላድርግ? ልምምዱንም ላንተ ብላ ነው ያዛወረችው። ሮሲናም ያንተን ቦታ ያዢ ስንላት አልቅሳ ነው እሺ ያለችው።" ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ላይ ሹክ አለኝ፣ ሹክሹክታው ለመላው አውቶቡስ የሚሰማ ቢሆንም፦ "ወንድሜ፣ ሚርታም እኮ ካላንደሩ ውስጥ ናት።"

ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ጣቢያ እንዴት እንደነዳሁ እግዚአብሔር ይወቅ።

ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ ልብሱ ተነጥፏል። ሥጋው ገና አልተጠበሰም። ሚርታ ተቀምጣ የመድረክ ልብስ እጅጌ እየሰፋች ነው።

"ሚርታ" አልኩ።

መርፌዋን ሰክታ ቀና አለች። ምንም አላገዘችኝም። ልክ ነበረች።

ሁሉንም ነገርኳት። እባጯን፣ ቀኑን፣ አባቴን። አባቴን ስጠራ ድምፄ ሳይሆን እንባዬ ነው የከዳኝ። እሷ እስክጨርስ ሰማችና "አምስት ዓርብ" አለች።

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም። ያቺን ጽሑፍ ማታ ላይ ከዓርብ ወደ ዓርብ ስትጎትታት እኔ ስልኬ ላይ ስትሄድ አያታለሁ። 'ለሚርታ መንገር'፣ እንደ ጋዝ ሒሳብ። ሠላሳ አንድ ዓመት የተኛሁት ከአንተ ጋር ነው ወይስ ከግድግዳ ጋር?"

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"አልጠየቅኩህም? በሥጋ ነው የጠየቅኩህ!"

ሳቅ አመለጠኝ፣ እሷንም አመለጣት፣ ከዚያ አለቀሰች። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት መናፈሻው ላይ ቁጭ ትል እንደነበር ነገረችኝ። የሆነ ነገር ብሆን ቅርብ ልሁን ብላ። አውቶቡሴ ሲሄድ ተከትላ በሚቀጥለው ትመለስ ነበር። በዚያ ሁሉ ብርድ።

ማሳነስ የፈለግኩት ፍርሃቷን ነበር ልል ነበር። ግን የራሴን ፍርሃት ነው የደበቅኩት። እሷማ ስድስት ሳምንት ብቻዋን ፈርታ ቆየች። እናቴን እንዲህ ያደረገው በሽታው አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 16

ያሚላ ቤት ሄድኩ። ስለ አባቷ ያልኩትን ይቅርታ ጠየቅኩ። "አባዬ ቢኖር የክለቡን ወንበር በራስህ ላይ ይሰብረው ነበር" አለችኝና አቀፈችኝ።

ስልኬን ተቀብላ "ይኸው አጎቴ፣ እዚህ ጋ ስትነካው ይዘጋል፣ ግራጫ ብቻ ይሆናል። ጥፋቱ የኔም ነው፣ አጣድፌህ ነበር። ልዝጋው?" አለች።

ተዪው አልኳት። እንዲያውም እናንተም መጻፍ እንድትችሉ አድርጊው አልኩ። ቆይቶ ተጸጸትኩ፤ ገና ወደ ቤት ሳልደርስ ኤበር ሰኞ ጠዋት ላይ "ዊልማር ፀጉሩን ይቆረጥ" ብሎ ጽፎበታል።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 4

ነገ። ሚርታ ቦርሳ አዘጋጅታለች። እኔም ፈርቻለሁ ብያታለሁ፣ በአፌ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 8

ተቆረጠች። አሥር ቀን አንዲት ቃል መተንፈስ የለም፣ ሹክሹክታም ቢሆን። ውጤቱ በ17 ነው።

ካላንደሬ ሞልቷል። አንዱም የእኔ ጽሑፍ አይደለም። "ሰኞ ሾርባ፣ ያሚላ።" "ቅዳሜ ካርታ ጨዋታ፣ ኤበር፣ መናገር ስለማይችል አሸንፈዋለሁ።" አሸነፈኝም፣ እያጭበረበረ፤ ጠረጴዛ ከመደብደብ በቀር ምንም ማለት አልቻልኩም። ሚርታ ሁለት ጎብኚ በአንድ ሰዓት ሲገጥምባት ሰርዛ ታዛውራቸዋለች። እንደ ሚኒስትር ሆኛለሁ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 13

ሮሲና ከአምቡላንሷ ፈረቃ በቀጥታ መጣች፣ ዩኒፎርሟን አልቀየረችም። ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ ቆመች። "ዊልማር፣ ያ ቦታ ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል። ከፈለግክ አሳየኝ። ካልፈለግክ ሻይ ጠጥቼ እሄዳለሁ።"

ዝፈኚ አልኳት በእጄ።

ዘፈነች። ያቺው ቦታ ላይ ደርሳ አነቃት። የእሷ ችግር ትንፋሽ ማጣት አይደለም፤ ከላይኛው መስመር በፊት ሳንባዋን ጢም አድርጋ ትሞላዋለች፣ እንደፈራ ሰው። እጇን ያዝኩና በጣቴ መታሁላት፤ እዚህ ትንሽ፣ እዚህ ምንም፣ እዚህ ልቀቂው። አልገባትም። ደገምኩ። ወጥ ቤት ሆና የምትሰማው ሚርታ "አትሙይ እያለሽ ነው፣ ሙሉ ሳንባ ከባድ ነው" አለች። እንዴት እንዳወቀች እንጃ። ሃያ ስድስት ዓመት ሰምታኛለቻ።

አራተኛው ላይ ወጣላት። የላይኛዋ ጎረቤት በሯን ከፍታ አጨበጨበች። እኔ ግን ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ደስታም ነበረበት፣ አልዋሽም። ደስታ ብቻ ግን አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 17

ክፉ አይደለም!

አብረን ገባን። ሐኪሟ ወረቀቱን ገልብጣ "ክፉ ነገር የለበትም" አለች። ሚርታ ድገሚልኝ አለቻት። ደገመችላት።

የላይኛው ድምፅ ግን ዘንድሮ አይታሰብም። ምናልባት ከዚያም በኋላ። ከታች ቀስ እያልክ ጀምር አለችኝ። ከሐኪም ቤት ወጥተን ያቺ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፣ ሁለታችንም። ፀሐይ ነበር። ተፈቅዶልኛልና የመጀመሪያ ቃሌን ተናገርኩ፤ "ራበኝ" ነው ያልኩት። የተሻለ ነገር ላስብ እችል ነበር።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 3

ያሚላ ፒያኖዋ ላይ ቁልቁል እየመታች ሞከረችኝ። ከደረቴ የማላውቀው ሰው ድምፅ ወጣ፣ ወፍራም፣ ትንሽ አሸዋ ያለበት።

"አጎቴ፣ ወደ ታችኞቹ ትሻገራለህ" አለች።

ታችኞቹ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዙት፣ በሌላው ጫፍ የሚቆሙት ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ስንሳደብ የኖርን። "እንኳን ወደ ሰው አገር መጣህ" አሉኝ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 19

ትናንት ማጣሪያው ነበር፣ ክፍቱ ቴአትር ላይ። አራት መስመር ነው የተፈቀደልኝ፣ በቀረው አፌን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ።

ከዚያኛው ጫፍ ሆኜ የማየው ሁልጊዜ የሰው ጆሮ ነበር። ከዚህኛው ፊታቸው ይታያል። ኤበር ከበሮውን ሲመታ ዓይኑን እንደሚጨፍን አላውቅም ነበር። ያሚላ አባቷ የሠራው የመግቢያ ዜማ ላይ ስትደርስ አገጯ እንደሚንቀጠቀጥም አላውቅም ነበር።

ስንብቱ መጣ። ሮሲና አንድ እርምጃ ወጣች። እኔም ሳላስበው ትንፋሼን ያዝኩ፤ ጥቂት ወሰደች፣ ምንም አልወሰደችም፣ ለቀቀችው። ድምፁ የእኔን ዓይነት አልነበረም። ከእኔ ይልቅ ገር ነው፣ ሕዝቡንም ቀስ ብሎ ነው የያዘው። ከዚያ ሁላችንም ገባን፣ እኔም ከታች በኩል፣ በአራቱ መስመሬ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 21

ማጣሪያውን ያለፉት ስም ዝርዝር በአሥር ሰዓት ይወጣል ተብሎ ነበር፤ እኔ በዚያ ሰዓት መሪ ላይ ነኝ፣ ስልክ መንካት አይቻልም። ጠዋት ካላንደሩ ላይ አሥር ሰዓት ተኩል ጋ አዲስ ጽሑፍ አየሁ፣ የሚርታ ነው። "ለዊልማር መንገር" ይላል። ለምን እንደሆነ ገባኝ ግን የት እንደሆነ አልገባኝም።

ልክ አሥር ተኩል ላይ ከገበያው ፌርማታ አረንጓዴ ካፖርቷን ክንዷ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ሞቆ ነበርና። ወጣች፣ ቲኬቷን አስቆረጠች፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬ የኖርኩትን ሰው ፊት ማንበብ አቃተኝ።

ከዚያ ወደ ተሳፋሪው ዞረች። "ይቅርታ አድርጉልኝ" አለች ጮክ ብላ። "ሾፌሩ ባሌ ነው። መጮህ በሐኪም ተከልክሏል፣ ስለዚህ ለእሱ የምጮህለት እኔ ነኝ። አልፈናል! ካርኒቫል ገብተናል!"

አውቶቡሱ ሙሉ ጮኸ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ መስኮቱን ይደበድባል፣ አንዲት ሴትዮ የማን ሙርጋ እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ ታጨበጭባለች። እኔ መጮህ አልችልም። ክላክሱን በመዳፌ ተጭኜ ያዝኩት፣ እስከሚቀጥለው ፌርማታም አልለቀቅኩትም።